በገዳሪፍ ካርታ ሲሰረዝ

ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ ፋይል በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ፋይል አይደለም። ቢያንስ ሦስት ሆኖ ነው የሚኖረው፤ ቅርጹን የያዘው ኤስኤችፒ፣ ማውጫው ኤስኤችኤክስ፣ ሰንጠረዡ ዲቢኤፍ። ከእነዚህ ጎን ሌሎች ትናንሽ ፋይሎች አሉ። ፒአርጄ የሚባለው ልኬቱ ከየትኛው መነሻ እንደተሰላ ይናገራል፤ ሲፒጂ የሰንጠረዡ ፊደል በምን ሥርዓት እንደሚነበብ፤ ኤክስኤምኤሉ ደግሞ ካርታውን ማን፣ መቼ፣ ከምን ላይ እንደሠራው። ኤስሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዚህን አሠራር ዝርዝር ይፋ ያደረገው በ1998 ነው። ዛሬም ከሱዳኗ ገዳሪፍ እስከ ጎንደር ካርታ የሚሠራ ሰው ሥራውን የሚቀባበለው በአብዛኛው በዚሁ ነው።

የጅምላ ስረዛ አደጋው እዚህ ላይ ይጀምራል። ዲስኩ የሞላበት ሰው ተራ ፎልደር ከፍቶ ኤስኤችፒ የሚለውን ብቻ ፈልጎ ቢያጠፋ ሰንጠረዡና ማውጫው ለምንም የማይጠቅሙ ሆነው ተበትነው ይቀራሉ። ትንንሾቹን «እነዚህ ደግሞ ምን ያደርጋሉ» ብሎ ቢጠርግ የባሰ ነው፤ ካርታው ይከፈታል፣ መስመሩም ይታያል፣ ግን በአማርኛና በዓረብኛ የተጻፈው የቀበሌና የመንደር ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ መስመሩም የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። በጂአይኤስ ሶፍትዌሩ በራሱ ካታሎግ በኩል ሲሰረዝ ግን ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። የኮምፒውተሩ ቅርጫት ውስጥም አይገቡም፤ ሄዱ ማለት ሄዱ ነው።

በገዳሪፍ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ካርታ እሠራ በነበረበት ጊዜ ይህ ጉዳይ በትእዛዝ መልክ መጣብን። ከኅዳር 2020 በፊት የተሠራ የካርታ ፋይል በሙሉ ይጥፋ ተባለ። ምክንያቱ ይገባኛል። የትግራይ ጦርነት ከተነሳ በኋላ በጥቂት ወራት ከ60,000 በላይ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገብቶ ነበር። በየቀኑ አዲስ የሳተላይት ምስል፣ አዲስ የድንኳን ቆጠራ፣ በዝናብ የተቆረጠ መንገድ አዲስ ዝርዝር ይመጣል፤ ሰርቨሩ አፍ አፉ ድረስ ሞልቷል። አሮጌው ቦታ ይዟል፣ አዲሱ ማስቀመጫ አጥቷል። አንድ ባልደረባዬ በአንዲት ሌሊት ሁሉንም የሚያጸዳ አጭር ስክሪፕት ጽፎ አዘጋጅቶ ነበር።

ተቃወምኩ። ዛሬም ብጠየቅ የምቃወመው በዚያው ምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ካርታዎች ታሪክ ከሥሩ ማንሳት ያስፈልገኛል። የኢትዮጵያ ሰነድ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ካርታዎቹ የሚጠሩት በዚያ ነውና።

ገዳሪፍ በ19ኛው መቶ ዘመን ሱቅ አቡ ሲን ትባል ነበር፤ የሹክሪያ ዓረቦች አለቆች በነበሩት በአቡ ሲን ቤተሰብ ስም የምትጠራ ገበያ። ከደጋው የሚወርደው ቡና፣ ሰምና ቆዳ በመተማና በገላባት በኩል አልፎ ወደ ናይል ሸለቆ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በ1862 የአትባራንና የሰቲትን ወንዞች ተከትሎ ገላባት ደርሷል፤ ያየውንም በ1867 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። የቤከር ዘመን መንገደኛ የሚከተለው ውሃ ነው። ወንዙ ካለ መንገድ አለ፣ ወንዙ ከደረቀ ጉድጓድ የሚያውቅ መሪ ይፈለጋል።

ወሰን በጽሑፍ ሲመጣ ግን ገዳሪፍ በሁለት ወገን ሰነድ ውስጥ ገባች። አፄ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የኢትዮጵያን ዳር ድንበር ሲዘረዝሩ ሰቲትና አትባራ የሚገናኙበትን ቶማትን ጠርተው የገዳሪፍን አገር ወደ ውስጥ አስገብተውታል። በዚያን ጊዜ አገሩ በድርቡሾች እጅ ነበር። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ካረፉ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ መጋቢት 1881 ዓ.ም.። በመስከረም 1898 ደግሞ ከከሰላ የመጣ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ገዳሪፍን ከድርቡሾች ያዘ። ካርታ የሚሠሩ የእንግሊዝ መሐንዲስ መኮንኖች የተከተሉት ከዚህ ጦር ኋላ ነው።

ከእነርሱ ዋነኛው ቻርልስ ጉዊን ነው። ከ1899 እስከ 1901 ባሉት ዓመታት እሱና ኦስቲን የተባለው መኮንን ድንበር ይሆናል የተባለውን አገር እየተዘዋወሩ ቀየሱ። በዚያ ቅየሳ ላይ ተመሥርቶ ግንቦት 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሃሪንግተን ውሉን ፈረሙ። ሕዝባችን ይህን ውል የሚያውቀው በአባይ ውሃ አንቀጹ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ግን የሚናገረው ስለ ካርታ ነው። ድንበሩ ከውሉ ጋር በተያያዘው ካርታ ላይ፣ ያውም በሁለት ቅጂ፣ በቀይ የተሰመረው መስመር ነው ይላል፤ ከኮር ኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያ ወደ አባይ፣ ወደ ባሮ፣ ወደ ፒቦርና ወደ አኮቦ እያለ ይወርዳል።

ከሰቲት እስከ ገላባት ያለው የአገር ስፋት በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስም ብቻ ነው ያለው። መሃሉን የሚሞላው ቀለሙ ነው። በትንሽ ሚዛን በተሠራ ካርታ ላይ በብዕር የተሰመረ ቀይ መስመር መሬት ላይ ሲወርድ ስፋቱ ብቻ መንደርን ከነእርሻው ይውጣል። ሁለተኛው አንቀጽ ይህን ስለሚያውቅ ድንበሩን በመሬት ላይ የሚያመለክት የጋራ ኮሚሽን ይቋቋም ብሎ ነበር። በ1903 ወርዶ ምልክት ያደረገው ግን ጉዊን ነው፤ ከጎኑ የኢትዮጵያ ወገን ኮሚሽነር አልነበረም። ከሰቲት ተነሥቶ ኮረብታ ከኮረብታ እያያያዘ፣ ድንጋይ እያስከመረ ወደ ደቡብ ሄደ። በ1908 እና በ1909 ደግሞ የኢትዮጵያን ደቡባዊ ድንበር ቀየሰ፤ የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበርም ሸለመው። መተማ ላይ መስመሩ በአንዲት ኮር ማለትም ክረምት ብቻ በምትፈስ ወንዝ በኩል አለፈ፤ ገላባት ወዲያ፣ መተማ ወዲህ ቀሩ።

ጉዊን ጎበዝ ቀያሽ ነበር፤ ሥራውን የሚያይ ባለሙያ ይህን አይክድም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ወባ፣ በኮከብና በቲዮዶላይት የሠራው ሥራ ዛሬም ያስደንቃል። ያለ ሌላው ወገን ኮሚሽነር የተደረገ ምልክት የሚያመጣው ጣጣ ግን የቅየሳ ጥራት የሚያስተካክለው አይደለም። ስለዚህ በእኛ ሰርቨር ላይ «የ1902 መስመር» እና «የ1903 መስመር» ተብለው የተቀመጡት ሁለት ፋይሎች ለማያውቅ ሰው ተመሳሳይ ቅጂ ቢመስሉም ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው። አንደኛው ሁለት መንግሥታት የፈረሙበት ነው። ሌላኛው አንድ ሰው የሄደበት ነው። የስክሪፕቱ ሌላ ሕግ ደግሞ የሚመሳሰሉ ፋይሎች ሲያገኝ አዲሱን አስቀርቶ አሮጌውን ማጥፋት ነበር።

ወደ ቢሮአችን አንድ ጡረታ የወጡ የሱዳን ቀያሽ ይመጡ ነበር። ሁላችንም «ዓሚ»፣ አጎቴ፣ እንላቸዋለን፤ እኔን «ያ ብንቲ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ወጣት ሳሉ በካርቱም የቅየሳ መሥሪያ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጀበናው ቡና ሳይቀርብ፣ ከጨርቅ ከረጢት ውስጥ ባለ 1፡250,000 የሱዳን ካርታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። በእጥፋቱ ላይ ከኋላ ጨርቅ ተለጥፎበታል፤ ማእዘኑ በላብና በአቧራ ቡናማ ሆኗል። እኔ ዓይኔን ወዲያው ገላባት ላይ ጣልኩ። እሳቸው ጣቴን ይዘው ከካርታው አወጡና ወደ ታች፣ ወደ ኅዳጉ ወሰዱት።

«ከዚህ ጀምሪ» አሉኝ።

ኅዳጉ ላይ የወጣበት ዓመት፣ የታረመበት ዓመት፣ የትኛው ክፍል በቅየሳ የትኛው በመንገደኛ ጥቆማ እንደተሠራ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል። የድንበሩ መስመር በአንድ በኩል ድፍን፣ በሌላ በኩል ቁርጥራጭ ነው፤ ቁርጥራጩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ኅዳጉ ብቻ ነው። ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ሰዎች መስመሩን ብቻ ሲገለብጡ ድፍኑም ቁርጥራጩም አንድ ዓይነት መስመር ሆነ። ያ ሁሉ የኅዳግ ጽሑፍ ያለው፣ ከኖረም፣ በዚያች በኤክስኤምኤሏ ፋይል ውስጥ ነው። በጅምላ ስረዛ መጀመሪያ የምትሄደውም እሷ ናት፤ ስሟ የካርታ ስም አይመስልምና።

የ1940ውን ጦርነት በአጭሩ ላውሳ። ጣሊያን ገላባትን ከያዘ በኋላ ብርጋዴር ስሊም የመራው የሕንድ ብርጌድ ኅዳር 6 ቀን 1940 ምሽጉን አስለቅቆ መተማን ሳይይዝ ተመለሰ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከካርቱም መጥተው ጥር 20 ቀን 1941 ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። ለአርበኞች መሣሪያና ስንቅ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ ገዳሪፍ፣ ዶካ፣ ገላባት የሚለው ነበር፤ ዛሬም ዋናው መንገድ እሱ ነው።

የዚያ ጦርነት ትልቁ ቅርስ ለገዳሪፍ ካርታ ግን ከምሽግ ይልቅ እርሻ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የሰፈረውን ጦር ለመቀለብ በ1944 እና በ1945 ገዳሪፍ አጠገብ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ባቡሩ ከከሰላ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሰናር በ1920ዎቹ መጨረሻ ስለተዘረጋ እህሉን ማውጣት ይቻል ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መሬቱ ለነጋዴዎች በ1,000 ፈዳን፣ ማለት በ420 ሄክታር ገደማ፣ እየተሸነሸነ ተሰጠ። በዚያ ዘመን ካርታ ላይ ከኮረብታና ከኮር ጋር የሚሄደው ጥምዝምዝ አገር በቀጥታ መስመር አራት ማዕዘን እየሆነ ሲሄድ ይታያል። መንደሮችም በቁጥር መጠራት ጀመሩ። የዘላኖቹ የከብት መንገድ እየጠበበ ሄዶ ከካርታው ላይ ጠፋ። ከብቱ ግን አሁንም ይሄዳል፤ በየዓመቱ በእርሻው መሃል ለሚነሣው ጠብ የድሮውን የመራሒል፣ የከብት መንገድ፣ መስመር የያዘ አሮጌ ፋይል ካልተገኘ ማን ማንን እንደገፋ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ከጎጃምና ከጎንደር ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ሳሉግ የሚባለው የጉልበት ሠራተኛም ሥራ የሚፈልገው በእነዚህ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ፒአርጄ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚቆረቁረኝ እሷ ናትና።

የኢትዮጵያም የሱዳንም የቆየ ካርታ የሚሰላበት መነሻ አዲንዳን ይባላል። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ የነበረ የኑብያ መንደር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአባይ ተፋሰስ ሲጠና አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ቀያሾች የልኬት መረባቸውን ከዚያ አያይዘው ወደ ደጋው አመጡት። ወዲያው የአስዋን ግድብ ተሠራና አገሩን ውሃ ዋጠው። የአዲንዳን ሰዎች በግብፅ በኩል ወደ ሌላ ቦታ ሠፈሩ፤ ከድንበሩ ወዲህ ያሉት የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን ደግሞ በ1964 ወደ ኻሽም አልጊርባ፣ አዲሱ ሐልፋ ወደሚባለው፣ አትባራ ዳር መጡ። ከገዳሪፍ በመኪና የሚደረስበት ቦታ ነው። መንደራቸው ከውሃ በታች ሆኖ፣ ስሙ በመተማ እርሻ ልኬት ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

የዛሬው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። በአዲንዳን የተለካን ቁጥር ወስዶ በደብሊውጂኤስ እንደተለካ አድርጎ የሚያነብ ሰው ነጥቡ በእኛ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተትበታል። 200 ሜትር በአንድ ኪሎሜትር ርዝመት ሲታሰብ 20 ሄክታር መሬት ነው፤ አንድ ቤተሰብ ሰሊጥ ዘርቶ የሚኖርበት፣ አንድ የጥበቃ ጦር «ተሻገርክ» ብሎ ሰው የሚይዝበት ነው። በዚህ ላይ 36ኛው የኬንትሮስ መስመር በዶካና በገላባት መካከል ያልፋል። ይህ መስመር የሁለት የካርታ ልኬት ዞኖች ወሰን ስለሆነ ገዳሪፍ ከተማ በዞን 36፣ ገላባትና መተማ በዞን 37 ናቸው፤ የአንዱ መንገድ ካርታ በሁለት ዞን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሰርቨራችን ላይ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ፋይሎች የበዙበት ግማሹ ምክንያት ይህ ነበር። ሌላው ግማሽ የስም ነው፤ ጓንግ የሚለው ፋይልና አትባራ የሚለው ፋይል የአንድ ወንዝ ናቸው፣ ተከዜና ሰቲትም እንዲሁ፣ አንገረብና ባሕር ሰላምም እንዲሁ። ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። የተለያዩትን አንድ ናቸው ይላል፣ አንድ የሆኑትን የተለያዩ።

በ1972 ኢትዮጵያና ሱዳን ሐምሌ 18 ቀን ደብዳቤ ተለዋውጠው ለድንበር ምልክት ሥራ የጉዊንን መስመር መሠረት አደረጉ፤ በአንዱ አገር መሬት ላይ የሠፈረውና የሚያርሰው የሌላው አገር ሰው ጉዳይ ግን በጋራ እንዲጠና ለብቻው ተተወ። ይህ በዋናነት አልፋሽቃን የሚመለከት ነው፤ በሰቲት፣ በአትባራና በአንገረብ መካከል ያለውን ጥቁር መሬት። ጥናቱ ሳያልቅ አብዮቱ መጣ፣ ረሃቡ መጣ፣ በ1995 ሙባረክን አዲስ አበባ ላይ ለመግደል ከተሞከረ ወዲህ የሁለቱ መንግሥታት ግንኙነት ሻከረ፣ አራሹም በመሃሉ እያረሰ ቆየ። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ገብቶ ያዘው፤ ከአብደራፊ በኩል ያረሱ የነበሩ ሰዎች ምርታቸውን ሳይሰበስቡ ወጡ።

ያን ሰሞን ዜናው የአልፋሽቃን ስፋት አንዴ 260 ካሬ ኪሎሜትር፣ አንዴ 600,000 ፈዳን እያለ ይጽፍ ነበር። 600,000 ፈዳን 2,520 ካሬ ኪሎሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጋዜጠኛውን አልወቅስም። ሁለቱን ቁጥሮች የሰጡት ሰዎች የተለያየ ካርታ ይዘው፣ የተለያየ ነገር አልፋሽቃ ብለው ከልለው ነው። ካርታዎቹ ዓመታቸውና ምንጫቸው ተጽፎ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነቱ በአንድ ከሰዓት ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ እረፍት ወጥቼ አገር ቤት ሳለሁ ከአልፋሽቃ የተፈናቀሉ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር። መሬታቸውን በላፕቶፔ ላይ ላሳያቸው ብዬ የቅርቡን የሳተላይት ምስል ከፈትኩ። ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ አገር አይደለም» አሉኝ።

ወደ ኋላ ሄጄ ከብዙ ዓመት በፊት የተነሣ፣ ጥራቱ ዝቅ ያለ ምስል ከፈትኩላቸው። ዛፉ ገና አልተመነጠረም፤ ኮሩ በጥቁር አረንጓዴ ታጅቦ ይታያል። ወዲያው የዛፉን ጥላ በጣታቸው ተከትለው፣ ኮሩ የሚታጠፍበትን፣ ጎተራ የነበረበትን፣ ሠራተኛው የሚያድርበትን ዳስ ቦታ አንድ በአንድ አሳዩኝ። «አባባ፣ ወሰንዎ እስከ የት ነበር?» ብላቸው እስክሪብቶ ጠየቁኝ፤ ስክሪኑ ላይ ሊያሰምሩ። በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው፣ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ አሰመሩት። ትእዛዙ ተፈጽሞ ቢሆን ይህ ምስል ከሚጠፉት ውስጥ ነበር፤ ከ2020 በፊት የተነሣ፣ ከባድ፣ «ጥራት የሌለው» የሚል የተጻፈበት።

የስደተኛ ሠፈሮቹም ታሪክ እንዲሁ ነው። ኡም ራኩባ በኅዳር 2020 ሲከፈት አዲስ ሠፈር ተብሎ ካርታ ተሠራለት። በ1980ዎቹ ግን እዚያው ቦታ ከረሃብና ከጦርነት የሸሸ ኢትዮጵያዊ ሠፍሮበት ነበር። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በምሥጢር ወደ እስራኤል ከተጓጓዙት ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ መጀመሪያ የቆዩት በኡም ራኩባና ገዳሪፍ ጫፍ ባለው በተዋዋ ነው። በመንገድና በሠፈሮቹ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይነገራል፤ ኡም ራኩባ ላይ የተቀበረው ብዙ ነው። አዲስ ድንኳን ለመትከል፣ መጸዳጃ ለመቆፈር መሬት የሚፈልግ መሐንዲስ የቀድሞውን ሠፈር ንድፍ ማየት አለበት። ይህን የምለው ለሟቾች ክብር ብቻ ብዬ አይደለም፤ በዚያን ዘመን የተቆፈረው ጉድጓድ የቱ እንደደረቀ፣ የቱ ጨዋማ እንደሆነ፣ የቱ ሜዳ በሐምሌ እንደሚጥለቀለቅ የሚያውቀው ያ ንድፍ ነው።

ወንዞቹም ተለውጠዋል። በ2017 የተመረቀው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ ሁለቱን ወንዞች ከመገናኛቸው በላይ አግዶ ሰፊ ሐይቅ አድርጓቸዋል። አዲሱን ሐይቅ የሚያሳየው ፋይል ለመንገድ ሥራ ያስፈልጋል፤ ከሱ በታች የነበሩትን መንደሮች የሚያሳየው ግን አሮጌው ብቻ ነው። የመንደሮቹ ሰዎች በሕይወት አሉ፣ ካሳም ይጠይቃሉ።

ለአለቆቻችን ያቀረብኩት ይህንኑ ነው፤ እንዲህ አሳምሬ አልነበረም፣ በአንድ ገጽ ነው። ዓሚ ከጎኔ ተቀምጠው በዓረብኛ አገዙኝ። ስክሪፕቱ ቆመ። መሰረዝ አልቀረም፤ መሰረዝ ያለበት ብዙ ነበር። አንድ ምስል በሰባት ሰው ስም ተገልብጦ ተቀምጧል፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ የድንኳን ካርታዎች ተደራርበዋል፣ ሶፍትዌሩ ለራሱ የሚፈጥራቸው ጊዜያዊ ፋይሎች ጊጋባይት ሞልተዋል። እነዚህን ያለ ምንም ኃዘን አጠፋን። ከማጥፋታችን በፊት ግን ለእያንዳንዱ ሌየር፣ ማለት ለእያንዳንዱ የካርታ ንጣፍ፣ ሰንጠረዥ ሞላን፤ ምንጩ፣ የተለካበት ዓመት፣ ወደ ኮምፒውተር የገባበት ዓመት፣ መነሻው አዲንዳን ይሁን ደብሊውጂኤስ፣ ዞኑ። መነሻው ላልታወቀ ፋይል በግምት ፒአርጄ እንዳይሰጠው ከለከልን፤ «አይታወቅም» ተብሎ ተጻፈለት። የሳተላይት ምስሎቹን ጠቅልለን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ አወጣን። የድንበር መስመሮቹን አንዱንም አልነካንም፤ ከ1902 ጀምሮ ያሉት ሁሉ በየዓመታቸው ስም ተቀመጡ።

ሥራው አሰልቺ ነበር። የፕሮጀክት ፋይል በተከፈተ ቁጥር ቦታው ከተቀየረ ሌየር አጠገብ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ይመጣል፤ እያንዳንዱን ፈልጎ እንደገና ማገናኘት ነው። ሠርተን ስንጨርስ ሰርቨሩ ግማሹ ተለቅቆ ነበር።

በሚያዝያ 2023 የካርቱም ጦርነት ተነሣ። ገዳሪፍ ከዚህ ቀደም ኢትዮጵያውያንን የተቀበለችበትን ትምህርት ቤትና ሜዳ ለካርቱም ሰው ከፈተች፤ ብዙው በዶካ አድርጎ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ኮሯን ተሻግሮ መተማ ገባ፣ ቆይቶም በኩመርና በአውላላ ሠፈረ። ለአርባ ዓመት ሰው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄድበት የነበረው መንገድ በተገላቢጦሽ ሞላ። ከዋና ከተማው ቢሮዎች የሚመጣ ካርታ አልነበረም፤ ኔትወርክም አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የተጠየቅነው ካርታ ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ባለው መንገድ ላይ ያሉ የውሃ ጉድጓዶችን፣ በክረምት የሚቆረጡ መሻገሪያዎችንና ማደሪያ ሊሆኑ የሚችሉ ቦታዎችን የሚያሳይ ነበር። ጉድጓዶቹ ያሉበት ሌየር የተሠራው ከኅዳር 2020 በፊት ነው፤ መነሻው አዲንዳን፣ ዞኑ 37 ተብሎ ተጽፎበት ነበር። ወደ ደብሊውጂኤስ ቀይረን፣ አትመን፣ በዚያው ቀን ለሾፌሮቹ ሰጠናቸው።